ጭብጨባ ቀለብ አይሆንም፤ የአስናቀች ወርቁ ሕይወትና የአሶሳ ወጣቶች ጥያቄ

በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የቈየ አንድ ልማድ አለ። ድግስ ሲደገስ አዝማሪ ይጠራል፤ ክራር ካልተመታ፣ መሰንቆ ካልተገዘገዘ ሠርጉ ደመቀ አይባልም። ዳሩ ግን በሠርጉ ሌሊት እጁ እስኪቃጠል ያጨበጨበው ደጋሽ፣ በማግሥቱ የገዛ ልጁ መጥታ «አባባ፣ እኔም ከመድረክ ልውጣ» ብትለው ፊቱ ይጠቁራል። «ስማችንን ልታጐድፊ ነውን?» ብሎ ይቈጣታል። ዜማውን ወዶ ዜመኛውን መናቅ፣ ጨዋታውን አድንቆ ተጫዋቹን መርሳት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ እንዴት አብረው ሊኖሩ ቻሉ? ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ይህ ነው።

ጥያቄው የቈየ ቢሆንም ዛሬ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። አሳባችን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው ወደ አሶሳ ሄዷል። የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ የሆነችው አሶሳ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ መሥሪያ ቤቶቿ በወጣት ሠራተኞች የተሞሉ ከተማ ናት። በዚያው ክልል በጉባ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ተመርቆ የዓለም ዓይን ወደዚያ ዞሯል። ከአባይ ውሃ የመብራት ኃይል ወጣ። ከሕዝቡ ውስጥ የሚወጣው የጥበብ ኃይልስ ማን ይገድብለታል፣ ማንስ መስመር ይዘረጋለታል? ይህን ለመጠየቅ ጊዜው አሁን ይመስለናል።

እንበልና በአሶሳ የምትማር አንዲት ልጅ አለች። ድምፅዋ ያማረ፣ አንደበቷ የተባ፣ ከሰው ፊት ስትቆም የማትርበተበት ናት። በትምህርት ቤት ክበብ ውስጥ በተጫወተች ቍጥር ይጨበጨብላታል። ይህች ልጅ ወደ እኛ መጥታ «ተዋናይት ብሆን እኖርበታለሁን?» ብላ ብትጠይቀን ምን እንመልስላታለን? «አይዞሽ» ማለት ይቀላል። እውነተኛውን መልስ ለመስጠት ግን ከእርስዋ በፊት በዚያው መንገድ የሄዱትን መመልከት ያስፈልጋል። ከእነዚያም መካከል ስማቸው የማይዘለል አንዲት ሴት አሉ፤ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ።

ወንዶች ቀሚስ ለብሰው የተጫወቱበት ዘመን

ወደ ወይዘሮ አስናቀች ታሪክ ከመግባታችን በፊት እርሳቸው የደረሱበትን ዘመን ማወቅ ይገባናል። በአገራችን የዘመናዊው ቴአትር ታሪክ የሚጀመረው በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። በሩስያ አገር ተምረው የተመለሱት እኒህ ሰው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ጨዋታ ጻፉ። በእንስሳት አንደበት የአስተዳደርን ጉድለት የሚነቅፍ ስለ ነበረ ታገደ። ቴአትራችን በተወለደ ጊዜ የመጀመሪያው ያገኘው ስጦታ ክልከላ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ከጠላት ወረራ በኋላም ማኅበሩ እንደ ገና ተነሥቶ የዘፈንና የቴአትር ቤት ሆነ። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ በቴአትር ውስጥ እናት፣ ሚስት ወይም ንግሥት ስታስፈልግ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ የሚወጣው ወንድ ነበር። ተመልካቹ ይስቅ ነበር፤ የሚያለቅስበት ስፍራ ላይ እንኳ ይስቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምክንያቱ ሴት ስለ ጠፋች አልነበረም። በሕዝብ ፊት ቆማ የምትጫወት ሴት እንደ ጨዋ ስለማትቈጠር ነው።

ይህ ነውር የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር በሼክስፒር ዘመን የሴቶቹን ስፍራ የሚይዙት ጢም ያላወጡ ወጣቶች ነበሩ፤ ሴቶች በግልጽ በመድረክ ላይ መውጣት የጀመሩት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1660 ወዲህ ነው። በሕንድ አገር ደግሞ የማራቲ ቋንቋ ተናጋሪዎች ባል ጋንዳርቫ የሚባል ስመ ጥር ወንድ ተዋናይ ነበራቸው። ይህ ሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ሲጫወት ከማማሩ የተነሣ እመቤቶቹ የእርሱን አለባበስ አይተው ይለብሱ ነበር ይባላል። ሴቷ እንዴት እንደምትለብስ ከወንድ ተማረች፤ ራስዋ ግን ከመድረኩ ተከለከለች። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ አስገራሚ ነገር ከየት ይገኛል?

የማራቲ እናትና ልጅ

የሕንድን ነገር ካነሣን አንድ ጊዜ እንቈይበት፤ ለእኛ ትምህርት ይሆናልና። የሕንድ ፊልም አባት የሚባለው ዳዳሳሄብ ፋልኬ በ1913 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር «ራጃ ሐሪሽቻንድራ» የተባለውን የመጀመሪያ ረዥም ፊልሙን ሲሠራ ንግሥቲቱን የምትጫወት ሴት ፈልጎ አጣ። ኑሮአቸው በኅብረተሰቡ ዘንድ የተናቀ ሴቶች እንኳ ከካሜራ ፊት መቆምን ነውር ነው ብለው እንቢ አሉት። ስለዚህ ሳሉንኬ የተባለ ወንድ ንግሥቲቱን ሆኖ ተጫወተ።

በዚያው ዓመት ፋልኬ ሁለተኛውን ፊልም ሲያዘጋጅ ግን ዱርጋባይ ካማት የተባለች ሴትና ልጅዋ ካማላባይ መጡ። ከሕንድ ፊልም የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን እነርሱ ናቸው። ካማላባይ በማራቲ መድረክ ላይ አድጋ፣ በኋላም ባልዋ ሞቶባት፣ ልጆችዋን ያሳደገችው በዚያው በመድረክ ሙያ ነው። ልጅዋ ቻንድራካንት ጎካሌም፣ የልጅ ልጅዋ ቪክራም ጎካሌም የታወቁ ተዋንያን ሆኑ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በ1932 የመጀመሪያው የማራቲ ድምፃዊ ፊልም ሲሠራ ከተከበረ ቤተሰብ የተወለደችው ዱርጋ ኮቴ መሪውን ስፍራ ይዛ ወጣች። እርስዋም ከመድረክና ከፊልም ሳትለይ ኖራ በ1983 የሕንድ መንግሥት ለፊልም ሰዎች የሚሰጠውን ከፍተኛ ሽልማት ተቀበለች።

አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ነገር ይህ ነው። ነውሩን የሻረው አዋጅ አይደለም፤ ነውሩን ችለው የቆሙ ሴቶች ናቸው። ነገር ግን እነዚያ ሴቶች ብቻቸውን አልቆሙም። ከኋላቸው ከከተማ ከተማ እየዞረ ትኬት የሚሸጥ የቴአትር ጓድ ነበር፤ ውል የሚዋዋል የፊልም ድርጅት ነበር፤ ሥራቸውን ጠብቆ የሚያኖር የፊልም ጥቅልል ነበር። ድፍረት መንገዱን ይከፍታል፤ መንገዱ ዳግመኛ እንዳይዘጋ የሚጠብቀው ግን ድርጅት ነው።

አስናቀች ወርቁ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ የተወለዱት በአዲስ አበባ ከተማ ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የራሱን የቴአትርና የሙዚቃ ክፍል አቋቁሞ ያሠራ በነበረ ጊዜ ከመድረክ ወጡ። በሀገር ፍቅር ከወጡት ከነ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴ ጋር በኢትዮጵያ ዘመናዊ መድረክ ላይ መንገድ ከከፈቱት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች መካከል ይቈጠራሉ። ቀሚስ የለበሰውን ወንድ ከመድረኩ አውርደው ሴቲቱን በሴትነትዋ ያቆሙት እነርሱ ናቸው።

በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ታላቅ ቤት ተመርቆ ተከፈተ። በመክፈቻው የታየው የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው። ወይዘሮ አስናቀችም የዚያ ቤት ባልደረባ ሆነው ስማቸውን ተከሉ። «አስኒ» የሚለው ፍቅር የተሞላበት አጠራር ከተመልካቹ አፍ ሳይለይ ኖረ።

ተዋናይት ብቻ አልነበሩም። ክራር ይመታሉ፤ ይዘፍናሉ፤ ግጥም በቅጽበት ይገጥማሉ። ክራር ደግሞ በዚያን ዘመን በሴት እጅ ሲታይ ብዙ ነገር የሚያስወራ ዕቃ ነበር። «አዝማሪ» የሚለው ስም የሙያ መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ እንደ ስድብ ይወረወር ነበር። ወይዘሮ አስናቀች ግን ስድቡን ፈርተው ክራሩን አላስቀመጡም፤ ወይም ክራሩን ይዘው ከመድረኩ አልሸሹም። ሁለቱን አንድ ላይ አዋሉአቸው። በመድረክ ላይ ቃል አጠራራቸውን ያሳመረው ክራሩ እንደ ሆነ፣ በክራሩ ላይ ደግሞ ያንን የመሰለ ትወና ያመጣው መድረኩ እንደ ሆነ ያልሰማቸው ሰው ቅጂውን ሰምቶ ሊፈርድ ይችላል። ዘፈናቸው እንደ አንድ ሰው ቴአትር ነው፤ ይጠይቃሉ፣ ራሳቸው ይመልሳሉ፣ ያሾፋሉ፣ ወዲያው ደግሞ ያዝናሉ።

እንግዲህ «ቅጂውን ሰምቶ» ያልነው በከንቱ አይደለም። የወይዘሮ አስናቀች የቴአትር ሥራ አብዛኛው መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ተዘግቷል። በዚያን ዘመን የመድረክ ጨዋታ በፊልም አይነሣም ነበርና። የዘፈናቸው ነገር ግን እንዲህ አይደለም። በሸክላና በካሴት የተቀረጸው ድምፃቸው ተርፎ ከብዙ ዓመታት በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ከተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 16ኛው ቅጽ ለእርሳቸው ብቻ ተሰጠ። ስለዚህ ዛሬ በፓሪስም ሆነ በቶኪዮ የሚኖር ሰው የአስናቀችን ክራር ይሰማል። የአስናቀችን ትወና ግን የሚያውቀው በዚያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው እያረጀና እያለፈ ነው። የአንዲቱ ሴት ሥራ በሁለት ተከፍሎ ግማሹ ሲቀር ግማሹ የጠፋው በችሎታ መበላለጥ ሳይሆን አንዱ ስለ ተቀረጸ ሌላው ስላልተቀረጸ ነው።

ወይዘሮ አስናቀች በመጨረሻው ዘመናቸው በሕመም ምክንያት የአልጋ ቁራኛ ሆነው ቈይተው በመስከረም 2004 ዓ.ም. ዐረፉ። ካረፉም በኋላ ራሔል ሳሙኤል ያዘጋጀችው «አስኒ» የተባለ ስለ ሕይወታቸው የሚተርክ ፊልም ለሕዝብ ቀረበ። ብዙዎቻችንም ያን ፊልም አይተን «ለካ እንዲህ ያለች ሴት ነበረችን!» አልን። አብራን ሳለች ያላልነው ቃል ነው።

ከመድረክ ወደ ስክሪን

ከወይዘሮ አስናቀች ዘመን ወዲህ ነገሩ አልተለወጠም ማለት ሐሰት ይሆናል። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ግድም «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው ረዥም ፊልም ታየ፤ ገና በርእሱ የአንዲት ሴትን ስም የያዘ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ተከፍቶ ትወና በዲግሪ የሚገኝ ሙያ ሆነ። ከአብዮቱ በኋላ በየቀበሌውና በየክፍለ ሀገሩ የተቋቋሙት የኪነት ጓዶች፣ ምንም እንኳ የፖለቲካ መሣሪያ ሆነው ቢያገለግሉም፣ ብዙ ወጣት ሴቶችን ከመድረክ ጋር አስተዋውቀዋል።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ በ2006 ዓ.ም. «ድፍረት» የተባለው የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ፊልም በአሜሪካ በሰንዳንስ በዓል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። የጠበቃይቱን ስፍራ ይዛ የተጫወተችው ተዋናይትና ገጣሚ ሜሮን ጌትነት ናት። በ2007 ደግሞ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» የተባለው ፊልም በፈረንሳይ አገር በካን በዓል በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። በውጭ አገር ከሚኖሩትም መካከል ዓለምጸሐይ ወዳጆን እናነሣለን። በአገር ቤት ተዋናይትና ደራሲ ሆነው የታወቁት እኒህ ሴት አሜሪካ ከሄዱ በኋላ በዋሽንግተን ከተማ ጣይቱ የተባለውን የባህልና የትምህርት ማዕከል መሠረቱ። መድረክ ባልነበረበት አገር መድረክ ሠሩ ማለት ነው። ይህ በእኛ ግምት ከማንኛውም ሽልማት ይበልጣል፤ ሽልማት ለአንድ ሰው ሲሆን ቤት ግን ለሚመጣው ሁሉ ነውና።

እንግዲህ ነውሩ ቀንሷል። የዛሬይቱ ተዋናይት ፎቶግራፍዋ በየመንገዱ ይሰቀላል፤ ቤተሰብም በቴሌቪዥን ስትታይ ጎረቤት ይጠራል። ይሁን እንጂ ጥያቄው መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ጥንት «ተዋናይት መሆን ያሳፍራልን?» ነበር፤ ዛሬ «ተዋናይት ሆኖ ማርጀት ይቻላልን?» ሆኗል። ታዋቂ ተዋንያን ሲታመሙ ለሕክምና ከሕዝብ ገንዘብ ሲለመንላቸው ስንት ጊዜ ሰማን? የሕዝቡ ቸርነት የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ የሠራ ሰው በመጨረሻ በልመና እንዲታከም ማድረግ የቸርነት ሳይሆን የአሠራር ጉድለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች የሆኑ አንባቢዎቻችን «ታዲያ ሕግ የለምን?» ሊሉን ይችላሉ። አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ተዋናዩን፣ ዘፋኙንና ተወዛዋዡን «ከዋኝ» ብሎ ይጠራና መብት ይሰጠዋል። ያለ ፈቃዱ ክዋኔው እንዳይቀረጽ፣ የተቀረጸውም እንዳይባዛ ሊከለክል ይችላል፤ ጥበቃውም 50 ዓመት ይቈያል። እንደዚሁም በ2003 ዓ.ም. የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ በግል ለሚሠራው ሰው የጡረታ በር ከፈተ፤ ዛሬ አሠሪው ከመቶ 11፣ ሠራተኛው ከመቶ 7 እያዋጡ ለእርጅና ይቀመጣል። በዓለም ደረጃም የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1973 ዓ.ም. ስለ ጥበብ ሰዎች አቋም ባወጣው ምክር መንግሥታት እነዚህን ሰዎች እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በማኅበራዊ ዋስትና እንዲያቅፉ ጠይቋል።

ችግሩ ሕጉ የሚያየው ቅጥረኛን መሆኑ ነው። ደመወዝተኛ ለሆነ የቴአትር ቤት ባልደረባ ጡረታ አለው። ለአንድ ትርኢት ተጠርቶ፣ አበል ተቀብሎ፣ በዚያው ሌሊት ለሚሸኘው ተዋናይ ግን ማን ያዋጣለታል? አሠሪዬ ብሎ የሚጠራው ሰው የለም። የቅጅ መብቱም ቢሆን በወረቀት ላይ ውል ካልተጻፈለት በፍርድ ቤት ለማስረዳት እጅግ ይቸግራል። ከዋኙ ሕጉ መኖሩን ካላወቀ፣ የመሥሪያ ቤቱም ሠራተኛ ካላስታወሰው፣ አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ተኝቶ ይኖራል።

አሶሳ፤ ዋዛ ያልሆነው ዋዛ

አሁን ደግሞ ወደ ተነሣንበት ወደ አሶሳ እንመለስ። በአማርኛ «ዋዛ» ማለት ቀልድ፣ ቁም ነገር የሌለው ነገር ማለት ነው። በበርታ ሕዝብ ዘንድ ግን ዋዛ ከቅል ቍርጥራጭ እየተሰካካ የሚሠራ ረዥም መለከት ነው። ይህ መለከት ለብቻው አይነፋም። አንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ሌላው ሌላውን ያወጣል፤ በየተራቸው ሲገቡ ዜማው ይሞላል። አንዱ ቢቀር ዜማው ቀዳዳ ያበጃል። አንድ ሰው ብቻውን ጀግና የሚሆንበት ሙዚቃ አይደለም፤ እያንዳንዱ ግን የግድ አስፈላጊ ነው። የቴአትርን ትርጕም ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየትም አናመጣም።

ክልሉ በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የያዘ፣ ከወሎና ከሌላም ስፍራ በሰፈራ የመጡ ወገኖች የሚኖሩበት፣ በገበያው ብዙ ቋንቋ የሚሰማበት ነው። እንዲህ ያለ አገር ለተዋናይ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ የጥበብ ሰዎቹ ብዙ ጊዜ የሚታወሱት በበዓል ቀን ነው። የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሲደርስ ይጠራሉ፤ ልብስ ይሰፋላቸዋል፤ በቴሌቪዥን ይታያሉ። ኅዳር 29 የተጨበጨበላቸው ኅዳር 30 ይረሳሉ። ይህም መጀመሪያ ካነሣነው የሠርግ ደጋሽ ጠባይ ምን ያህል ይለያል?

እዚህ ላይ የሚሰነዘር አንድ ተቃውሞ አለ፤ ችላ ልንለው አይገባም። «በመተከልና በካማሺ በ2011 እና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ስንት ሰው ሞቶ፣ ስንቱ ተፈናቅሎ፣ ገና ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት የሚጠገንበት ክልል ስለ ቴአትር ያስባልን?» የሚል ነው። ቴአትር የጸጥታ ጥበቃን አይተካም፤ ለተራበም ሰው እህል አይሆንም። ይህን እናምናለን። ነገር ግን ጎረቤት ጎረቤቱን በጠረጠረበት አገር፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ፣ ኀዘንና ሳቅ በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ የሚሰማበት ስፍራ መኖሩ ቅንጦት አይደለም። ደግሞም የምንጠይቀው ብዙ ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ሕንፃ አይደለም።

ምን ይደረግ?

ከወይዘሮ አስናቀች ሕይወት የምንማረው ሦስት ነገር ነው። ያቆሙአቸው ሦስት ነገሮች ነበሩና፤ ቤት፣ ሙያና ቅጂ። የጐደሉአቸውም ከእነዚሁ ሳይሞሉ የቀሩት ናቸው።

በመጀመሪያ ቤት ያስፈልጋል። ቤት ስንል አዲስ ሕንፃ ማለታችን አይደለም። አዳራሾች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለስብሰባ ይውላሉ። ከእነዚህ አንዱ በወር ሁለት ምሽት፣ ቀኑ ሳይዛነፍ፣ ለቴአትር ቢሰጥ ተመልካቹ መምጣትን ይለምዳል። ለሴት ልጆች ደግሞ ቤት ማለት ደኅንነት ጭምር ነው። ልምምዱ በመሸ ጊዜ ወደ ቤትዋ የሚያደርሳት ካልተዘጋጀ፣ ወላጅዋ «አትሂጂ» ቢላት እኛ ልንነቅፈው አንችልም። ስንት ተሰጥኦ ያላት ልጅ ከመድረክ የቀረችው በችሎታ ማነስ ሳይሆን በመንገድ ጨለማ ነው!

ሁለተኛ ሙያው እንደ ሙያ ይቈጠር። የባህል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነው ወጣት አንባቢያችን ነገ ጠዋት ሊጀምረው የሚችለው ሥራ አለ፤ ማንኛውም ከዋኝ ሲጠራ ሁለት ገጽ ውል ይጻፍለት። ምን እንደሚጫወት፣ ስንት እንደሚከፈለው፣ ቢቀረጽ የማን እንደሚሆን፣ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመው በግልጽ ይነገር። ውሉም እርሱ በሚገባው ቋንቋ ይነበብለት። ይህ አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም፤ ጥቂት ትጋት ብቻ ይበቃዋል። ከዋኞቹም በበኩላቸው ተሰብስበው ማኅበር ቢያቋቁሙና በየወሩ ጥቂት ቢያዋጡ፣ በሕመም ቀን ከሰው ፊት አይቆሙም። ዕድርን የፈጠረ ሕዝብ ይህን መሥራት አያቅተውም።

ሦስተኛ ሥራው ይቀረጽ፤ ከስም ጋር ይቀረጽ። ዛሬ በኪስ የሚያዝ ስልክ የወይዘሮ አስናቀች ዘመን ቴአትር ቤት ያልነበረውን ችሎታ ይዟል። የዋዛው መለከት ሲነፋ፣ በበርታኛ ወይም በጉሙዝኛ ቋንቋ ጨዋታ ሲቀርብ፣ ተማሪዎች ይቅረጹት፤ የተጫዋቾቹን ስም፣ ቀኑንና ስፍራውን ይመዝግቡ፤ ዩኒቨርሲቲውም ያኑርላቸው። «የአካባቢው ሴቶች ሲጫወቱ» ተብሎ ያለ ስም የተቀመጠ ምስል የሰዎቹን ጥበብ ያሳያል እንጂ ሰዎቹን አያስታውስም። ስሙ ያልተጻፈ ከዋኝ በሕግም ፊት የለም።

ለልጅቱ የምንሰጠው መልስ

«ተዋናይት ብሆን እኖርበታለሁን?» ላለችን ልጅ እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ልጃችን ሆይ፣ ከአንቺ በፊት የነበሩት ሴቶች የቆሙበት ስፍራ ከአንቺ የጠበበ ነበር። ለእነርሱ በሩ ዝግ ነበር፤ ለአንቺ ተከፍቷል። ነገር ግን ክፍት በር ብቻውን ቤት አይሆንም። ትምህርትሽን አትተዪ፤ የአገርሽን ቋንቋና ዜማ አትናቂ፤ ወይዘሮ አስናቀች ክራራቸውን ጥለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ድምፃቸው አይሰማም ነበር። ስምሽን ሳትጽፊ አትጫወቺ፤ ውል ሳትፈርሚ አትቀረጪ። ሲጨበጨብልሽ ደስ ይበልሽ፤ ጭብጨባው ሲያበቃ ግን ምን እንደ ተረፈሽ ቍጠሪ።

ለአባትዋ ደግሞ የምንለው አለን። ጌታው፣ በሠርግዎ ቀን ያጨበጨቡላት የሰው ልጅ ናት፤ ነገም የሌላ ሰው እንግዳ የሚያጨብጭብላት የእርስዎ ልጅ ልትሆን ትችላለች። በሰው ልጅ ያልነወረው በእርስዎ ልጅ ለምን ይነወራል?

ለወጣት ሠራተኞች አንባቢዎቻችንም ቃላችን አጭር ነው። በእጃችሁ ያለው ማኅተምና ብዕር ትንሽ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን አንዲት ተዋናይት በእርጅናዋ በክብር እንድትኖር ወይም በልመና እንድትታከም የሚወስነው፣ ዛሬ ከጠረጴዛችሁ ላይ የምትጽፉት ወይም ሳትጽፉት የምትቀሩት ያ ሁለት ገጽ ውል ነው። ወይዘሮ አስናቀች ወርቁን በሕይወት ሳሉ አጨበጨብንላቸው፤ ካረፉ በኋላም አለቀስንላቸው። በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ ምን አደረግንላቸው? ይህን ጥያቄ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስለ አሶሳዋ ልጅ እንዳንጠየቀው ሥራው ዛሬ ይጀመር።